የቮልሳችሁን ዲናሞ በአልተርኔተር ልትቀይሩ ነው? ቀይዋን መብራት አትርሷት

ማታ ነው፤ ዝናብ አለ፤ መንገዱ ተዘጋግቷል። ፊት ለፊታችሁ አንድ ቮልስ ቆሟል። ሾፌሩ ነዳጅ ሲረግጥ መብራቱ ይደምቃል፣ እግሩን ሲያነሳ ደግሞ ሻማ ይመስላል። የዝናብ መጥረጊያው ራሱ እየተንቀራፈፈ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ያላየ ሰው ያለ አይመስለንም።

ቮልስ ከእኛ ጋር ብዙ ዘመን ኖሯል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የዚያ ዘመን መኪኖች ዛሬም በየሰፈሩ ይሽከረከራሉ። ባለቤቶቻቸው የማይለቋቸው ደግሞ በፍቅር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወስኗል። ስለዚህ ያለችውን መኪና አድሶ መንዳት ለብዙ ሰው የግድ ሆኗል።

ከእድሳቶቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ዲናሞውን አውጥቶ አልተርኔተር ማስገባት። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ቮልስ ላይ ይህ ሥራ በግዴለሽነት ከተሠራ መብራት እናገኛለን ስንል ሞተር ልናጣ እንችላለን። እንዴት? ደረጃ በደረጃ እንየው።

መጀመሪያ ስማቸውን እንለይ

ብዙ ጋራዥ ውስጥ ሁለቱም "ዲናሞ" ነው የሚባሉት። ሥራቸውም አንድ ነው፤ ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፣ ባትሪ ይሞላሉ። አሠራራቸው ግን ይለያያል። በዚህ ጽሑፍ ዲናሞ ስንል የድሮውን፣ አልተርኔተር ስንል አዲሱን ማለታችን ነው።

በዲናሞ ውስጥ ማግኔቱ ቆሞ ሽቦ የተጠቀለለበት ዘንግ ይዞራል። ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው በሚዞረው ክፍል ላይ ስለሆነ የሚወጣው በካርቦኖቹ በኩል ነው። ያ ሁሉ ኃይል በእነዚያ ትንንሽ ካርቦኖች ያልፋል። ስለዚህ ይሞቃሉ፣ ብልጭታ ይፈጥራሉ፣ ያልቃሉ። የሚዞረው ክፍልም ከባድ ስለሆነ ከልክ በላይ ቢፈጥን ይበታተናል። ለዚህ ሲባል ፍጥነቱ ተገድቦ ይሠራል። ዋጋውን የምንከፍለው ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ነው፤ ዲናሞው ያን ጊዜ ቀስ ብሎ ስለሚዞር የሚያመነጨው ከምንም አይቆጠርም።

አልተርኔተር ይህን ገልብጦታል። ማግኔት የሚሆነው ክፍል ይዞራል፣ ኤሌክትሪኩ የሚመነጭበት ሽቦ ግን ቆሞ ይቀራል። በካርቦኖቹ የሚያልፈው ማግኔቱን ለመፍጠር የሚበቃ ጥቂት አምፒር ብቻ ነው። ዋናው ኃይል ካልተንቀሳቀሰው ሽቦ በቀጥታ ይወጣል። የሚወጣው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ውስጡ ያሉት ዳዮዶች ለባትሪ ወደሚስማማው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይቀይሩታል። የሚዞረው ክፍል ቀላልና ጠንካራ በመሆኑ በፍጥነት መዞር ይችላል። ለዚህ ነው በሚኒሞም ጭምር ባትሪ የሚሞላው።

መኪኖች ይህን ቀድመው ያልተጠቀሙት ርካሽና አስተማማኝ ዳዮድ ስላልነበረ ነው። የሲሊከን ዳዮድ ዋጋ ሲቀንስ የአሜሪካው ክራይስለር በ1960 ሞዴሉ ቫሊያንት ላይ አልተርኔተርን መደበኛ ዕቃ አደረገው። ቮልስም ቢዘገይ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ አልተርኔተር ተሸጋግሯል። ስለዚህ ይህ ቅያሪ ለቮልስ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ፋብሪካው ራሱ በኋላ ያደረገው ነው።

ትንሽ ሒሳብ እንሥራ

ባለ 12 ቮልት ቮልስ ላይ ያለው ዲናሞ አብዛኛውን ጊዜ 30 አምፒር ገደማ የሚሰጥ ነው። ያውም ሞተሩ ፍጥነት ሲይዝ። በቦታው የሚገባው አልተርኔተር ግን ከ50 እስከ 55 አምፒር ይሰጣል።

አሁን ማታ በዝናብ የምትጠቀሙትን ቁጠሩ። ሁለት የፊት መብራት 55 ዋት ቢሆኑ 110 ዋት ነው። የኋላ መብራቶች፣ ኮይሉ፣ የዝናብ መጥረጊያውና ሬዲዮው ሲጨመሩ ወደ 200 ዋት እንደርሳለን። 200ን ለ12 ስናካፍል ከ16 አምፒር በላይ ይመጣል።

መንገድ ላይ ስትበሩ ዲናሞው ይህን ይችላል። ትራፊክ መብራት ላይ ቆማችሁ ግን የሚከፍለው ባትሪው ነው። ባለ 45 አምፒር ሰዓት ባትሪ ካላችሁና በመጨናነቅ አንድ ሰዓት በዚህ ሁኔታ ከቆያችሁ ከሲሶ በላይ አለቀ ማለት ነው። ዲናሞው የተሠራው መንገድ ላይ ለሚሮጥ መኪና ነው እንጂ ከመገናኛ ሜክሲኮ በሚኒሞ ለሚሄድ አይደለም።

ከመግዛታችሁ በፊት

መብራት ደከመ ማለት ሁሌም ዲናሞ ሞተ ማለት አይደለም። እነዚህን ርካሽ ነገሮች አስቀድማችሁ አስፈትሹ፦

1. ቺንጋው ላልቷል? ቮልስ ላይ በሁለቱ ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣት ስትጫኑት 1.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከገባ ይንሸራተታል።

2. ካርቦኖቹ አልቀዋል? ካርቦን መቀየር ትንሽ ሥራ ነው። ብዙ "የሞተ" ዲናሞ በዚህ ተነስቷል።

3. ከባትሪ ወደ ቦዲ፣ ከማርሽ ሳጥን ወደ ቦዲ የሚሄዱት ገመዶች ዝገዋል? ኤሌክትሪክ መመለሻ ካጣ አልተርኔተርም አያድናችሁም።

4. ባትሪው ራሱ ስንት ዓመቱ ነው?

እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው አሁንም በሚኒሞ መብራት የሚደክም ከሆነ ችግሩ ብልሽት አይደለም፤ የዲናሞው ተፈጥሮ ነው። ያን ጊዜ ቅያሪው ትርጉም አለው።

6 ቮልት ወይስ 12?

ይህን ሳታረጋግጡ አንድም ብር አታውጡ። እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ናቸው። ከዚያ ወዲህ ነው 12 ቮልት እየተለመደ የመጣው። በየጊዜው የተቀየሩም ስላሉ ከሊብሬው ይልቅ ባትሪውንና አምፖሎቹን ተመልከቱ።

ባለ 6 ቮልት መኪና ላይ ባለ 12 አልተርኔተር ከገባ አምፖሎቹ በሙሉ፣ ኮይሉ፣ የመጥረጊያው ሞተርና ሌሎችም አብረው መለወጥ ወይም መስተካከል አለባቸው። የሞተሪኖው ጉዳይም አለ፤ የ6 ቮልቱ ቮላኖ 109 ጥርስ፣ የ12ቱ ደግሞ 130 ጥርስ ነው። ያለውን ሞተሪኖ አውጥቶ የ12ቱን ዝም ብሎ መክተት አይሠራም። ይህ ከዲናሞ ቅያሪ ያለፈ፣ ሙሉ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ወጪውን በዚያ ልክ አስቡት።

ሌላው የባትሪ አቅጣጫ ነው። ቮልስ ላይ ከቦዲ ጋር የሚያያዘው ኔጋቲቩ ስለሆነ ችግር የለም። የድሮ የእንግሊዝ መኪና፣ ለምሳሌ የ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ላንድሮቨር ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። እነዚያ ላይ ከቦዲ ጋር የሚያያዘው ፖዘቲቩ ሊሆን ይችላል። አልተርኔተር ተገልብጦ ከታሰረ ዳዮዶቹ ወዲያው ይቃጠላሉ።

"የኮሮላ ዲናሞ ግጠምልኝ"

ላንድሮቨር ወይም ፊያት ላይ ይህ ይቻላል፤ ማቀፊያ ብረት ይሠራለታል፣ ፑሊው ይስተካከላል፣ ያበቃል። ቮልስ ላይ ግን አይሆንም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የቮልስ ዲናሞ ዘንግ በሁለት በኩል ይወጣል። በአንዱ ጫፍ ፑሊው፣ በሌላኛው ጫፍ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ትልቁ ፋን ይታሰርበታል። የኮሮላ አልተርኔተር ዘንግ የሚወጣው በአንድ በኩል ብቻ ነው።

ስለዚህ ሶማሌ ተራም ሂዱ፣ ከውጭም አስመጡ፣ የምትፈልጉት ለቮልስ የተሠራውን ነው። ከአልተርኔተሩ ጋር የሚቀመጥበት ስታንድ፣ ማሰሪያ ቀበቶው፣ ከፋኑ ቤት ጋር የሚያያይዙት ሳህኖችና ሮንዴላዎቹ አብረው መምጣት አለባቸው። የዲናሞው ስታንድ ለአልተርኔተሩ አይሆነውም። ሬጉሌተሩ በውስጡ ያለ አልተርኔተር ብታገኙ ይመረጣል፤ ሥራውን ያቀልላችኋል። ያገለገለ ከሆነ ሳይፈተሽ አትቀበሉ። ዘንጉን በእጅ አዙሩት፤ ኩሽኔታው ከጮኸ ወይም ዘንጉ ከተወዛወዘ ተዉት።

ሲገጠም ምን ይታይ?

ሥራው የመካኒክ ነው። እናንተ ግን አጠገቡ ቆማችሁ ልትከታተሏቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ።

የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ከሁሉ በፊት ይነቀል። ካርቡሬተሩ ይወርዳል፣ የፋኑ ቤት ከፍ ይላል፣ ዲናሞው ከነፋኑ ይወጣል። ስታንዱ ሲቀየር ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን አዲስ ይሁን፤ አሮጌው ከተመለሰ ዘይት ያፈሳል።

ፋኑ ወደ አልተርኔተሩ ሲዛወር ባለ 36 ቁልፍ ዳዶው በደንብ መጥበቅ አለበት። ከላላ ፋኑ እየዞረ ዘንጉን ይበላዋል። የሳህኑ ክፍት ቦታ ደግሞ ወደ ታች መዞሩን ተመልከቱ። ሁሉም ከታሰረ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ፑሊውን በእጅ አዙሩ። የሚፋቅ ድምፅ ከተሰማ ፋኑ ቤቱን እየነካ ነው፤ በሮንዴላ ይስተካከላል። "ሲሠራ ይለቃል" የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ አትስሙት።

ገመዶቹ

የዲናሞው ኤሌክትሪክ በሬጉሌተር ሳጥን በኩል ያልፋል። ባለ 12 ቮልት ቮልሶች ላይ ሳጥኑ በአብዛኛው ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ በድሮዎቹ ላይ ዲናሞው ራሱ ላይ ተቀምጧል። አልተርኔተሩ የራሱ ሬጉሌተር ካለው ይህ ሳጥን ሥራውን ጨርሷል። መውጣት አለበት። ሁለት ሬጉሌተር በአንድ መኪና አይኖርም።

ከዚያ የሚቀሩት ሁለት መስመሮች ናቸው።

አንደኛው ወፍራሙ ነው። አልተርኔተሩ ላይ "B+" ከተጻፈበት ተነስቶ ወደ ባትሪ ይሄዳል። የድሮው ገመድ የታሰበው ለ30 አምፒር ነው። 55 አምፒር ሊያልፍበት ሲችል፣ ያውም የ50 ዓመት ገመድ ሆኖ፣ መሞቁ አይቀርም። በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር አዲስ ገመድ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ብሎን ድረስ መዘርጋት ይሻላል፤ ያ ብሎን ከባትሪው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ባለ 55 አልተርኔተር ገዝቶ በገመድ መቆጠብ እሳት መጋበዝ ነው።

ሁለተኛው ቀጭኑ ነው። "D+" ከሚለው ተነስቶ ዳሽቦርዱ ላይ ወዳለችው ቀይ መብራት ይሄዳል። የዛሬው ዋና ነገራችን ይህ ነው።

ቀይዋ መብራት

በዲናሞ ዘመን ይህች አምፖል ብትቃጠልም ዲናሞው ባትሪ መሙላቱን አያቆምም። በብረቱ ውስጥ የቀረ ትንሽ ማግኔት ስላለ ራሱን ያስነሳል። ስለዚህ ብዙ ሰው ስለ አምፖሏ ግድ አልነበረውም።

አልተርኔተር ሌላ ነው። ቁልፍ ስትከፍቱ ኤሌክትሪክ ከባትሪ ተነስቶ በዚህች አምፖል በኩል አልፎ ማግኔቱን ይቀሰቅሳል። አምፖሏ ከሌለች ወይም ከተቃጠለች አልተርኔተሩ ሞተሩ በጣም ካልፈጠነ በቀር ላይነሳ ይችላል፣ ጭራሽም ላይሠራ ይችላል። "አዲስ ገዝቼ አልሞላ አለኝ" ከሚሉት ቅሬታዎች ውስጥ ምክንያቱ የተቃጠለች ትንሽ አምፖል የሆነበት ጊዜ አለ። በኤልኢዲ መቀየርም አይመከርም፤ የሚያሳልፈው ኤሌክትሪክ በጣም ትንሽ ስለሆነ ላይበቃ ይችላል።

አንዳንድ ጊዜ ሥራ ለማቅለል አምፖሏን ዘለው ከቁልፉ በቀጥታ ወደ "D+" የሚያስሩ አሉ። ይህ ስህተት ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ኮይሉን ሊመግበው ስለሚችል ቁልፍ ዘግታችሁ ሞተሩ አልጠፋም ሊል ይችላል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው። አየሩን የሚገፋው ፋን ያለው ቅድም እንዳልነው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ቺንጋው ሲበጠስ ኤሌክትሪክ ይቆማል፣ በዚያው ቅጽበት ማቀዝቀዣውም ይቆማል። ሞተሩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ መሥራቱን ይቀጥላል! አብዛኞቹ ቮልሶች የሙቀት ጌጅ ስለሌላቸው ለሾፌሩ የሚነግረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀይዋ መብራት።

ወደ እንጦጦ እየወጣችሁ ቺንጋው ተበጠሰ እንበል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ እንደ ባሕር ዳርቻ አገር ወፍራም አይደለም፤ ለሞተሩ የሚደርሰው የቅዝቃዜ ድርሻ ድሮም ትንሽ ነው። መብራቷ ከበራች ወዲያው ዳር ትይዛላችሁ፣ ሞተሩን ታጠፋላችሁ፣ በመለዋወጫ ቺንጋ ትመለሳላችሁ። መብራቷ ከሌለች ግን ሽታው እስኪመጣ ትነዳላችሁ። ሽታው ሲመጣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

ለዚህ ነው አምፖሏን የማይፈልጉ፣ በአንድ ገመድ ብቻ የሚሠሩ አልተርኔተሮችን ለቮልስ የማንመክረው። ባትሪ ይሞላሉ፣ ማስጠንቀቂያውን ግን ይወስዱባችኋል።

መቅረት ያለባቸው ልማዶች

አልተርኔተር ከገባ በኋላ የድሮ ዘዴዎች አደጋ ይሆናሉ።

"ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ንቀለው፤ ካልጠፋ ዲናሞው ይሠራል" የሚለውን ፍተሻ ሁላችንም እናውቀዋለን። አልተርኔተር ላይ በፍጹም እንዳታስደርጉ። ባትሪው ድንገት ሲወጣ የሚፈጠረው የቮልቴጅ ዝላይ ዳዮዶቹንና ሬጉሌተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ቦዲ ላይ ብየዳ ካለ ባትሪውም አልተርኔተሩም ይነቀሉ።

ገፍቶ ማስነሳትም እንደ ድሮው አይደለም። ባትሪው ሙሉ በሙሉ ከሞተ ለአልተርኔተሩ መቀስቀሻ የሚሆን ኤሌክትሪክ የለም። ሰፈሩ በሙሉ ቢገፋ ላይነሳ ይችላል። በዚህ አንድ ነገር ዲናሞው ይበልጥ ነበር፤ መታመን ያለበት ሐቅ ነው።

ተሠርቶ ሲያልቅ

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቴስተር አስመጡና ባትሪው ላይ ለኩ።

ሞተሩ ጠፍቶ፦ ከ12.4 እስከ 12.7 ቮልት።
ሞተሩ ተነስቶ፦ ከ13.8 እስከ 14.4 ገደማ።
በሚኒሞ፣ መብራት በርቶ፦ ከ13 ብዙም መውረድ የለበትም።
ከ15 በላይ ካሳየ ሬጉሌተሩ ችግር አለበት፤ ባትሪያችሁን ያፈላዋል።

በመጨረሻ ቀይዋን ፈትሹ። ቁልፍ ስትከፍቱ መብራት አለባት። ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለባት፤ በሚኒሞም ብልጭ ድርግም ማለት የለባትም። ቁልፍ ከፍታችሁ ካልበራች ሥራው አላለቀም፤ ከጋራዡ አትውጡ።

ታዲያ ይቀየር?

መኪናችሁ በቀን፣ ቅዳሜና እሑድ ብቻ የምትወጣ ከሆነ ደህና ዲናሞ ይበቃችኋል። የድሮ መኪና ሰብሳቢዎችም ኦሪጅናሉን ይመርጣሉ። በየቀኑ የምትሠራ፣ በምሽት የምትሄድ፣ ትራፊክ ውስጥ የምትውል ከሆነች ግን ቀይሩት። ዲናሞውን፣ ስታንዱንና ሬጉሌተሩን ግን አትጣሉ፤ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። አንድ ቀን መመለስ ብትፈልጉ ወይም መኪናዋን ለሚያደንቃት ሰው ብትሸጡ ዋጋ አላቸው።

የመጨረሻው የእድሜ ልክ ቮልስ ከሜክሲኮው ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ነው። ከዚያ ወዲህ አልተሠራም። እዚህ ያሉት ያሉት ናቸው፤ በአንዲት አምፖል ምክንያት አንዱም እንዳይቃጠል።

ቮልስ ያለው ጎረቤት ወይም ዘመድ ካላችሁ ይህን አድርሱት። በዚህ ሥራ የቆያችሁ መካኒኮችና የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያዎችም ከልምዳችሁ የምትጨምሩት ካለ ከሥር ጻፉልን፤ እናነባለን።